ደብዳቤ የምታነብ ሴት፦ ናፍቆት ያለበትን ፎቶ በመስኮት ብርሃን የማንሳት መመሪያ

የፍቅር መንፈስ ያለው የሴት ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ያልሰበሰብኩት ነገር አልነበረም፦ አበባ፣ ሻማ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ጨርቅ በጨርቅ። ተነሺዋን «ፍቅር የያዘሽ ምሰዪ» አልኳት። እሷም የተባለችውን አደረገች፤ አንገቷን ሰበር፣ ዓይኗን ጨፈን፣ ከንፈሯን ፈገግ። ከሁለት መቶ ያላነሱ ፎቶዎች አነሳሁ፤ ሁሉም የሰላምታ ካርድ ይመስሉ ነበር። ሥራው አልቆ፣ መብራቱን አጥፍቼ ገመድ ስጠቀልል ስልኳ ጮኸ። መልእክቱን ለማንበብ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። አንብባ ጨረሰችና ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ተመለከተች። ቀኑን ሙሉ ስፈልገው የዋልኩት እሱ ነበር። ካሜራዬ ግን ሻንጣ ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ ነገር አምናለሁ፦ ፎቶው ውስጥ ፍቅር የሚገባው የሴቲቱ ልብ እዚያ ከሌለ ሰው ጋር ሲሆን ነው። ዓይናችን እሷን ያያል፤ ሐሳባችን ግን የማናየውን ሰው ይፈልጋል። ሠዓሊዎች ይህን ከድሮም ያውቁታል፤ ደብዳቤ የምታነብ ሴት በሥዕል ታሪክ ውስጥ ደጋግማ የምትመጣውም ለዚህ ይመስለኛል። ይህ መመሪያ ያንን አንድ ምስል፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ፣ ከሐሳቡ እስከ ታተመው ወረቀት ድረስ ለመሥራት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው፦ አንድ መስኮት፣ ስስ ነጭ መጋረጃ ወይም አንሶላ፣ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ነጭ ካርቶን፣ ያንኑ የሚያህል ጥቁር ጨርቅ፣ ወንበር፣ ካሜራ ወይም ስልክ፣ እና እውነተኛ ደብዳቤ። ፍላሽ አያስፈልግም። ለዝግጅት አንድ ሰዓት፣ ለማንሳት ከአርባ ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ያዙ። ከዚያ ካለፈ ተነሺዋ ይደክማታል፤ ድካሟም ፎቶው ላይ ድካም ሆኖ ነው የሚወጣው።

1. ከካሜራው በፊት ብዕር አንሱ

ልታነሱት ያሰባችሁትን ምስል መጀመሪያ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ሕጉ አንድ ነው፦ መልኳን የሚያወድስ ቃል አይግባ። ውብ፣ ቆንጆ፣ እንደ ጨረቃ፣ አንገተ ብርሌ፣ ሁሉም ይቅር። እነዚህ ቃላት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ብዙ ሰው ስለተመላለሰባቸው አሁን ምንም አያሳዩም።

ጣሊያናዊው ገጣሚ ፔትራርክ የሚያፈቅራትን ላውራን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት በ1327 ነው ይላል፤ አብዛኛው ስለ እሷ የሆነው መድበሉ 366 ግጥሞች አሉት። የላውራ ወርቃማ ጸጉርና የሚያበራ ዓይን ከእሱ በኋላ በመጡ የአውሮፓ ገጣሚዎች እስኪሰለች ድረስ ተገለበጠ። ሼክስፒር በ1609 ከታተሙት ሶኔቶቹ (ባለ አሥራ አራት መስመር ግጥሞቹ) በ130ኛው ላይ የወዳጁ ዓይን ፀሐይን ከቶ እንደማይመስል፣ ስትራመድም መሬት እንደምትረግጥ የጻፈው ያ ልማድ አንገፍግፎት ይመስላል። ከፔትራርክ ለእኔ ዛሬም ትኩስ የሆኑት ስለ ላውራ ጓንት የጻፋቸው ጥቂት ሶኔቶች ናቸው፦ አንድ ጓንት፣ የተራቆተ እጅ፣ ለባለቤቱ መመለስ ያለበት ዕቃ። ይኸው ነው፤ ሙሉ የፍቅር ታሪክ ግን አለበት።

ስለዚህ ጽሑፋችሁ ዕቃና ድርጊት ይያዝ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ደብዳቤውን ቆማ ነው የምታነበው፤ እስክትቀመጥ አልታገሰችም። ፖስታው መሬት ወድቋል፤ አላየችውም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷ መንቀሳቀሱን አቆመ።» አሁን ፎቶ ሊያሳየው የሚችለውን አስምሩበት፦ መቆሟ፣ የወደቀው ፖስታ፣ አውራ ጣቷ። «አልታገሰችም» የሚለውን ካሜራ አይናገረውም፤ መቆሟ ግን ይጠቁመዋል። ያሰመራችሁበት ሁሉ የሥራ ዝርዝራችሁ ነው። ወረቀቱን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት።

2. ከተነሺዋ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እኔ ግን ከብርሃኑም በላይ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱን በሁለት ታሪክ ላስረዳ።

በ1852 የተጠናቀቀው የጆን ኤቨረት ሚሌ «ኦፊሊያ» በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ልጅ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ወንዙንና ዕፅዋቱን ደጅ ተቀምጦ ከሣለ በኋላ ሞዴሏን ኤልዛቤት ሲዳልን ለንደን ውስጥ ውሃ በሞላ የመታጠቢያ ገንዳ አስተኛት። ወቅቱ ብርድ ነበርና ውሃው እንዲሞቅ ከገንዳው ሥር መብራቶች ተለኩሰው ነበር። አንድ ቀን መብራቶቹ ጠፉ፤ እሱ በሥራው ተመስጦ አላስተዋለም፣ እሷም ምንም ሳትል ተኛች። ክፉኛ ታመመች፤ አባቷም የሕክምናውን ወጪ ክፈል ብለው ያዙት። ሲዳል ራሷ ሠዓሊና ገጣሚ ነበረች፤ ብዙ ተመልካች ግን የሚያውቃት በውሃው ላይ ባለው ፊቷ ብቻ ነው። በኋላ ሠዓሊው ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ ደጋግሞ ሣላት። የእሱ እኅት ገጣሚዋ ክርስቲና ሮሴቲ በ1856 በጻፈችው ሶኔት በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ በሸራው ሁሉ ላይ የሚደጋገም የሴት ፊት አለ፤ ሴቲቱ እዚያ የምትታየው እንዳለች አይደለም፤ በሠዓሊው ሕልም ውስጥ እንደሆነችው ነው። ብዙ አንባቢዎች ይህች ሴት ሲዳል ናት ይላሉ።

ሁለተኛው ታሪክ ከሲኒማ ነው። ፈረንሳዊቷ ዳይሬክተር ሴሊን ሲያማ በ2019 ባወጣችው ፊልም አንዲት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ሞዴል ለመሆን ፈቃደኛ ያልሆነችን ወጣት ሰርቃ እያየች እንድትሥል ትቀጠራለች። በስርቆት የተሣለው የመጀመሪያው ምስል ሕይወት የለውም። ወጣቷ ራሷ ፈቅዳ ስትቀመጥ፣ አሣሣሏም በእኩል ዓይን ሲሆን ነው ሥራው የሚያምረው። የፊልም ተመራማሪዋ ሎራ መልቪ በ1975 ባሳተመችው ጽሑፍ «የወንድ ዕይታ» ያለችውን ነገር፣ ማለትም ካሜራው ሴትን የሚታይ ዕቃ ብቻ የሚያደርግበትን ልማድ፣ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ እነዚህን ነገሮች ከማንሳታችሁ በፊት ጨርሱ። ፎቶው የት እንደሚወጣ ንገሯትና ፈቃዷን በግልጽ ጠይቁ። በፈለገችው ሰዓት ማቆም እንደምትችል አስረዷት። ክፍሉ ውስጥ ማን እንዲኖር እንደምትፈልግ ዕወቁላት፤ ጓደኛ ወይም እኅት ይዛ ብትመጣ ደስ ሊላችሁ ይገባል። ክፍሉ ሞቃት ይሁን። አቀማመጧን ለማስተካከል አትንኳት፤ በራሳችሁ እጅና አንገት አሳዩአትና እሷ ትከተል። ከዚህ በፊት የማትተዋወቁ ከሆነ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» እንድትሏት እንደምትመርጥ ጠይቁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ትከሻዋ ሲላላ ታያላችሁ።

ከዚያ ስለ ደብዳቤው አንሱ። አንድ ጊዜ የደረሳት፣ ያስቀመጠችው ደብዳቤ ካለ ታምጣው። ከሌለ በስልኳ ያለ የቆየ መልእክት በእጇ ወረቀት ላይ ትገልብጠው፤ ወይም ለምትናፍቀው ሰው ማታ ደብዳቤ ጽፋ በማግስቱ ለራሷ ታንብበው። ለእናቷ፣ ለወንድሟ፣ በሕይወት ለሌለ ሰው ቢሆንም ይሆናል። ምን እንደተጻፈበት አትጠይቁ፣ አታንብቡትም። ባዶ ወረቀት ግን በፍጹም አትስጧት። እውነተኛ መስመር የምታነብ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ አንዳንድ ቃል ላይ ትቆማለች፤ ባዶ ወረቀት የምታይ ዓይን ደግሞ ፈዝዛ ትቀራለች። ልዩነቱን ፎቶው አይደብቀውም።

3. መስኮቱን ምረጡ፣ ብርሃኑን አስተካክሉ

ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት ተመራጭ ነው። ደመናማ ቀን ከሆነ የትኛውም መስኮት ይሆናል። ቀጥታ ፀሐይ እየገባ ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ ስስ ነጩን መጋረጃ ዘርጉበት፤ ያን ጊዜ የብርሃን ምንጫችሁ ጨርቁ ይሆናል፣ ጥላውም ይለሰልሳል። መሠረቱ ይህ ነው፦ ምንጩ ለተነሺዋ ትልቅ ሆኖ በታየ ቁጥር የጥላው ጠርዝ እየቀለጠ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ መስኮቱ መቅረብ ማለስለስ ነው፤ መራቅ ማጠንከር።

ከሁሉ በፊት የክፍሉን አምፖሎች በሙሉ አጥፉ። የቀን ብርሃን የቀለም ሙቀት 5500 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን፣ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ የቤት አምፖል ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ግማሽ ፊቷ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል፤ በኋላ በኮምፒውተር ማስታረቁ አድካሚ ነው።

ተነሺዋን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አቁሟት። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ በፍጥነት ይደክማል፤ ምንጩ ትንሽ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። የመስኮት ብርሃን እንደዚያ ባይቸኩልም ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ሁለት ሦስት ሜትር ከራቀ ፊቷ በርቶ ግድግዳው እየጨለመ ይሄዳል። ያ ጨለማ የምስሉ ዝምታ ነው፤ በመብራት አትግደሉት።

አሁን አቅጣጫውን ፈልጉ። መጀመሪያ ትከሻዋን ለመስኮቱ ሰጥታ በጎን ትቁም፤ ግማሽ ፊቷ በብርሃን፣ ግማሹ በጥላ ይሆናል። ከዚያ ፊቷን ቀስ በቀስ ወደ መስኮቱ ታዙር። አንድ ቦታ ላይ በጥላው በኩል ካለው ዓይኗ ሥር ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ብቅ ትላለች። እዚያ ላይ አስቁሟት። ቀጥሎ ወደ ዓይኖቿ ተመልከቱ፦ የመስኮቱ ነጸብራቅ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል? ካልታየ ጥቂት ታዙር። ነጥቡ በዓይኑ የላይኛው ግማሽ ላይ ቢያርፍ ይመረጣል። መስኮቱ እስከ ወለል የሚወርድ ከሆነ የታችኛውን ክፍል በጥቁሩ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ከታች የሚመጣ ጠንካራ ብርሃን ፊትን እንግዳ ያደርጋል።

ሆሊውድ ሌላ መንገድ ነበረው። ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ፎን ስተርንበርግና ተዋናይቷ ማርሊን ዲትሪክ ከ1930 እስከ 1935 እዚያ አብረው በሠሯቸው ስድስት ፊልሞች ዋናው መብራት ከፊቷ ከፍ ብሎ ይሰቀል ነበር፤ ከአፍንጫዋ ሥር ቢራቢሮ የምትመስል ትንሽ ጥላ ይጥላል፣ ጉንጯንም ያጎላል። ግርማ ይሰጣል። እኔ ግን ለዚህ ፎቶ አልመርጠውም፤ ያ ብርሃን ሴቲቱ እየታየች መሆኗን እንደምታውቅ ይናገራል። የመስኮት ብርሃን ግን ማንም የለም ብላ የምታምንበት ብርሃን ነው።

የጥላው ጎን በጣም ከጨለመ ነጩን ካርቶን ከመስኮቱ ተቃራኒ፣ ከፍሬሙ ውጭ አቁሙ። በጣም ከበራ በምትኩ ጥቁሩን ጨርቅ ስቀሉ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ስታዩ የጥላው ጎን ዝርዝሩ ሊጠፋ ሲል ከታያችሁ ትክክል ነው።

ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። በሥዕልም በሲኒማም «ሮማንቲክ» የተባለችው ሴት ለረጅም ጊዜ ገርጣ ያለች ነጭ ሴት ነበረች። የቀለም ፎቶ አጣቢ ቤቶች ለአሠርት ዓመታት ቀለም ያስተካክሉበት የነበረው «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው ናሙና ላይ ያለችውም እንደዚሁ። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ጠቆር ያለ ፊት ካየ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያነጣው ይሞክራል። አትፍቀዱለት። ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ የመስኮቱን ብርሃን እንደ መስተዋት መልሶ ስለሚያበራ ውበቱ ግንባር፣ ጉንጭና አንገት ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ ላይ ነው። ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ብርሃኑን ቀንሱና ሞክሩ፤ ካርቶኑንም ጠጋ አድርጉት። ፊቷን ማንጣት ሳያስፈልግ ያበራል።

4. ግድግዳና ልብስ

የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ቨርሜር የሣላት ደብዳቤ አንባቢ ጀርመን፣ ድሬዝደን ውስጥ ናት፤ ከ1657 እስከ 1659 ባለው ጊዜ እንደተሣለች ይገመታል። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ለዘመናት ባዶ ነበር። በ1979 በኤክስሬይ ሲታይ ከቀለሙ ሥር የፍቅር አምላክ የኩፒድ ሥዕል ተገኘ፤ የሸፈነው ራሱ ቨርሜር እንዳልሆነ በኋላ በተደረገ ምርመራ ስለታወቀ ተፍቆ ወጣና በ2021 ለሕዝብ ታየ። የቨርሜር ሐሳብ ኩፒዱ ነበር፤ ያንን አከብራለሁ። ግን ኩፒዱ ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን ሁሉ ተመልካች ደብዳቤው የፍቅር መሆኑን ከአንገቷ መታጠፍ ብቻ ሲገምት ኖሯል። ለፎቶ የምመርጠው ባዶውን ግድግዳ ነው። ያላችሁን ሥዕል፣ ሰዓት፣ የመብራት ማብሪያ ሁሉ ከፍሬሙ አውጡ። አበባም አያስፈልግም።

ልብሱ አንድ ቀለም ይሁን፤ ጽሑፍና ትልልቅ ጥለት አይኑርበት። ጥጥና ሱፍ ብርሃን ይጠጣሉ፤ የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር ይተፋል። ጸጉሯ ቢያንስ በአንድ በኩል ማጅራቷን ይግለጥ። የለበሰችው የራሷ ልብስ ቢሆን ይሻላል፤ ሰው በሰው ልብስ ደብዳቤ አያነብም።

5. ካሜራውን አዘጋጁ

ሙሉ ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራ ካላችሁ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሴንሰሩ ክሮፕ (ከዚያ ያነሰ) ከሆነ 50 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ሰፊ የሆነ ሌንስ ይዞ መጠጋት አፍንጫን ያሳድጋል። አፐርቸሩን (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከኤፍ 2 እስከ ኤፍ 2.8፣ የሹተር ፍጥነቱን ከ1/125 ሰከንድ ሳታወርዱ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ400 ጀምራችሁ እንደ ብርሃኑ ከፍ አድርጉ። እስከ 1600 ቢሄድም አትጨነቁ፤ ትንሽ ጥራጥሬ ለዚህ ምስል ጌጥ ነው። የነጭ ሚዛኑን አውቶማቲክ ላይ አትተዉት፤ 5500 ኬልቪን ላይ አስቀምጡ፣ ሞቅ እንዲል ከፈለጋችሁ 6000። በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ፋይል) ቅረጹ። ፎከሱን ለካሜራው በቀረበው ዓይን ላይ አሳርፉ።

አፐርቸሩን ከዚያ በላይ መክፈት ያጓጓል። የፊልም ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 ባወጣው «ባሪ ሊንደን» የሻማ ብርሃን ትዕይንቶችን የቀረጸው ለናሳ በተሠራ ባለ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 0.7 የዛይስ ሌንስ ነው። ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት እጅግ ቀጭን ስለነበር ተዋንያኑ ከቦታቸው ብዙም መንቀሳቀስ አይችሉም ነበር። የእኛ አንባቢ ግን እንድትንቀሳቀስ እንፈልጋለን፤ ኤፍ 2.8 ነጻነት ይሰጣታል።

በስልክ ከሆነ ሁለት እጥፍ የሚያቀርበውን ሌንስ ተጠቀሙ። ጣታችሁን ፊቷ ላይ ተጭናችሁ በማቆየት ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፤ ከዚያ ወደ ታች ጎትታችሁ ጨለም አድርጉት። የማስዋቢያ ማጣሪያውን አጥፉ፤ ቆዳን የሚያለሰልስ ማጣሪያ ሴቲቱንም አብሮ ያጠፋታል።

6. አካሏ

ክብደቷ በአንድ እግሯ ላይ ይረፍ፤ ከመስኮቱ በራቀው። ወገቧ በራሱ ይታጠፋል፣ ትከሻዎቿም እኩል መሆናቸውን ይተዋሉ። ደብዳቤው ከአገጯ ሥር ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ወደ መስኮቱ ዘንበል ይበል። ያን ጊዜ ነጩ ወረቀት የመስኮቱን ብርሃን ተቀብሎ ፊቷ ላይ ከታች ይረጨዋል። ደብዳቤው ራሱ መብራት ሆነ ማለት ነው! ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልበረደም። ወረቀቱን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገች ጥላው ከዓይኗ ሥር የሚነሣበትን ቦታ ፈልጉ።

እጅ ከፊት እኩል ይናገራል፤ ችላ አትበሉት። የእጇ ጀርባ ለካሜራው ከተሰጠ ሰፊና ከባድ ይሆናል፤ በጎኑ ከታየ ይቀጥናል። ጣቶቿ አይጣበቁ፤ ወረቀቱን እንደሚበር ነገር ላላ አድርጋ ትያዝ። ጠበቅ አድርጋ ከያዘችው ጭንቀት ይነበባል፤ ምናልባት የእናንተ ታሪክ ያ ከሆነ ግን አጥብቃ ትያዘው። ያሰመራችሁበትን ወረቀት እዚህ ላይ አውጡና አውራ ጣቷን አስታውሱ።

አንገት ሲታጠፍ ከማጅራት ይጀምር። ዓይኗ ወደ ወረቀቱ ሲወርድ ሽፋሽፍቶቿ ይታዩ፣ ዓይኗ ግን የተዘጋ አይምሰል፤ ከመሰለ ካሜራችሁን ከዓይኗ ትንሽ ዝቅ አድርጉ። «ፈገግ በዪ» አትበሏት። ከማንሳታችሁ በፊት በአፏ ቀስ ብላ ትተንፍስ፤ ከንፈሯ ይላላል፣ መንጋጋዋ ይወርዳል።

ከፊት ብቻ አታንሷት። ከጎኗ፣ ከዚያ ከኋላዋ በኩል ጉንጯ ብቻ እስኪታይ ዙሩ። የሆንግ ኮንጉ ዳይሬክተር ዎንግ ካር ዋይ በ2000 ባወጣው «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ፊልም ሁለቱን ተዋዳጆች የሚያሳየን በበር ስንጥቅ፣ በመስተዋት፣ በመጋረጃ በኩል ነው፤ የትዳር ጓደኞቻቸውን ፊት ደግሞ ጨርሶ አያሳየንም። እናንተም የበሩን ጠርዝ ወይም የመጋረጃውን እጥፋት በሌንሱ አጠገብ አድርጋችሁ አንድ ሦስተኛውን ፍሬም ሸፍኑት። ተመልካች ማየት የፈለገው ነገር ሲከለከል ጠጋ ብሎ ያያል።

7. ማለስለስ

እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ1863 መጨረሻ፣ በ48 ዓመቷ፣ ከልጇና ከልጇ ባል በስጦታ ነው። ወዲያው በ1864 የሠራችው የአንዲት ሕፃን ምስል የመጀመሪያ ስኬቴ ያለችው ነበር። ምስሎቿ ደብዘዝ ስለሚሉ የዘመኑ ባለሙያዎች ነቅፈዋታል። የእሷ መልስ ግልጽ ነበር፦ ፎከስ ሳደርግ ለዓይኔ ያማረው ቦታ ላይ ስደርስ እዚያው አቆማለሁ፣ ሌሎች የሚሉት ጥራት ድረስ አልሄድም። ተነሺዎቿ ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነበረባቸው፤ ከዚያ የሚመጣው ትንሽ መወዛወዝ እስትንፋስ ይመስላል።

ይህን ለማግኘት ውድ ማጣሪያ አያስፈልግም። ቀጭን የሴት ስቶኪንግ ቁራጭ ወጥራችሁ በሌንሱ ፊት በላስቲክ እሰሩ፤ ጥቁሩ ንፅፅሩን ይጠብቃል፣ ነጩ ምስሉን ጭጋጋማ ያደርጋል። የፊልም ካሜራ ባለሙያው ራስል ቦይድ በ1975 «ፒክኒክ አት ሃንጊንግ ሮክ» የተባለውን የአውስትራሊያ ፊልም ሲቀርጽ የሙሽራ ቬል ሌንሱ ፊት አድርጎ ነበር። ሌላው ዘዴ ቫዝሊን ነው፤ ርካሽ የመከላከያ ማጣሪያ ጠርዝ ላይ ቀቡት፣ መሐሉን ንጹሕ ተዉ። ሌንሱን ራሱን በፍጹም አትቀቡ። ግማሹን ፎቶ ያለ ምንም ማለስለሻ አንሱ፤ በኋላ መጸጸት አለ።

8. ጊዜው

አሁን ዝም በሉ። የሹተሩን ድምፅ አጥፉ። «ደብዳቤውን ከፍተሽ እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ ስትጨርሺ የፈለግሽውን አድርጊ» በሏትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ።

ስትከፍት ጥቂት አንሱ። ስታነብ ጥቂት። ከዚያ ጠብቁ። ምስሉ ያለው አንብባ ከጨረሰች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ወረቀቱን ታጥፋለች ወይም እንደገና ትጀምራለች፣ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ አየር ትስባለች። ያን ጊዜ ጣታችሁ ቁልፉ ላይ ይሁን። ብታለቅስ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ ልቀጥል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካለች አበቃ።

ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ሹተር 1/50፣ ካሜራው በትሪፖድ ላይ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳትቆርጡ ልቀቁት።

9. መምረጥና ማስተካከል

በዚያው ቀን አትምረጡ። በማግስቱ እያንዳንዱን ፎቶ እያያችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህች ሴት በዚህች ቅጽበት ምን ፈለገች? መልስ የሌለው ፎቶ ምንም ቢያምር ይውጣ። አምስት ሲቀሩ እሷን ጥሯትና አብራችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ እኔ የመረጥኩትን አትመርጥም፤ ባልተስማማንበት ፎቶ ላይ እሷ ያየችውን ለመረዳት እሞክራለሁ፤ አይውጣ ያለችው ግን አይወጣም።

ማስተካከሉ አጭር ይሁን። ንፅፅሩን ጥቂት ቀንሱ፣ የጥላውን ጥቁር ትንሽ አንሡ፣ ድምቀቱን ሞቅ አድርጉ። ብጉር ማጥፋት ካስፈለገ እሷ ስትጠይቅ ብቻ። ቆዳውን፣ ከዓይን ሥር ያለውን መስመር፣ የእጇን ደም ሥር አትንኩ። ጥቁርና ነጭ የሚያምረው ቀለሙ ምንም በማይናገርበት ጊዜ ነው፤ ደካማ ፎቶ ለማዳን አይሆንም።

10. ማተምና መመለስ

ትንሽ አድርጋችሁ አትሙ፤ በእጅ የሚያዝ፣ 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ወረቀቱ የማያብለጨልጭ ይሁን። ሁለት ቅጂ አውጡ፣ አንዱ የእሷ ነው። ፎቶውን ስትሰጧት ክፍሉ ውስጥ የረሳችው ነገር ካለ አብራችሁ መልሱላት። ደብዳቤውን ረስታው ሄዳ ከሆነ እንደታጠፈ፣ ሳትከፍቱት።